ከአውቶሞቢል ገላ ላይ አስቸጋሪ እድፍንና የሰም ቅሪትን ስለ ማስለቀቅ

ለአስመጪዎች፥ ለላኪዎችና ለባለሱቆች የቀረበ ትምህርት

አንድ አውቶሞቢል ለሽያጭ በቀረበ ጊዜ ገዢው ሞተሩን ከማስነሣቱና ጎማውን ከመመርመሩ አስቀድሞ የሚያየው የውጭ ገላውን ነው። ቀለሙ ጥርት ብሎ የሚያንጸባርቅ እንደ ሆነ ባለቤቱ በሚገባ እንደ ያዘው ይገምታል፤ ደብዝዞ፥ ተጭሮ ወይም በሬንጅ ነጠብጣብ ተዥጎርጉሮ ያገኘው እንደ ሆነ ግን የውስጡንም ይጠራጠራል፤ ዋጋውንም ዝቅ አድርጎ ይጠራል። ስለዚህ የአውቶሞቢል ገላ ንጽሕና የጌጥ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የንግድ ጉዳይም ነው።

ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ እንደሚታየው፥ ከእድፉ ይልቅ እድፉን ለማስለቀቅ የሚደረገው ሥራ ቀለሙን የበለጠ ይጎዳዋል። አንዱ በቤንዚን የራሰ ጨርቅ ይዞ ይፈትጋል፤ ሌላው የድስት መፈተጊያ ሽቦ ያነሣል፤ ሌላው ደግሞ በምላጭ ይፍቃል። እድፉ በእርግጥ ይለቃል፤ ከእድፉ ጋር ግን ዳግመኛ የማይመለስ ቀለም አብሮ ይሄዳል።

በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው ዋና ነገር በአጭሩ ይህ ነው፤ እድፍ ሁሉ አንድ ዐይነት አይደለም፤ ለእያንዳንዱም የሚያላቅቀው የራሱ መድኃኒት አለው። መድኃኒቱን ያወቀ ሰው ብዙ ጉልበት አያስፈልገውም፤ ያላወቀ ግን በዕውቀት ፈንታ ጉልበቱን ያወጣል፤ ጉልበቱም ቀለሙን ይበላዋል። ይህን ማወቅ አውቶሞቢል ለሚያስመጣው፥ የማጽጃ ዕቃ ለሚሸጠው፥ ላቫጆ ላቋቋመው፥ እንዲሁም ለዕለት ሥራው አውቶሞቢል ለሚይዘው ነጋዴ ሁሉ ይጠቅማል።

1ኛ. የምናጸዳው ቀለም ምን ያህል ውፍረት አለው?

በዛሬ ጊዜ በሚሠሩ አውቶሞቢሎች ላሜራ ላይ ያለው ቅብ አንድ ብቻ አይደለም። በመጀመሪያ ላሜራው ዝገትን እንዲቋቋምና ቀለምን አጥብቆ እንዲይዝ በፎስፌት ይታከማል። ከዚያም በገንዳ ውስጥ ተነክሮ በኤሌክትሪክ ኀይል አማካይነት ጸረ ዝገት ቅብ ይቀባል። በዚህ ላይ መሠረት ቅብ፥ ቀጥሎም መልኩን የሚሰጠው ቀለም፥ በመጨረሻም ቀለም ቀቢዎች «ክሊር» የሚሉት እንደ መስተዋት ጥርት ያለ ቅብ ይደረብበታል።

ይህ ሁሉ ተደራርቦ ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ያህል ነው። አንድ ማይክሮን የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺሕኛ መሆኑን ልብ ይሏል። ክሊሩ ብቻውን ሲለካ ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ያህል ይሆናል፤ ይህም ከአንድ ተራ የሰው ጠጉር ውፍረት አይበልጥም። ታዲያ ቀለሙን ከፀሐይ ጨረር፥ ከዝናብና ከጭረት የሚከላከለው ይህ ቀጭን ቅብ ነው። ክሊሩ ካለቀ በኋላ ቀለሙ ይነጣል፤ ይላጣል፤ እንደ ገና ከማስቀባት በቀር ሌላ መፍትሔ አይገኝለትም።

ጉዳዩን በነጋዴ ቋንቋ ብንናገር፥ ክሊሩ ዋና ገንዘብ ነው፤ በላዩ የሚቀባው ሰም ግን የዓመት ወጪ ነው። ሰሙ ሲያልቅ ሌላ ይገዛል፤ ዋናው ገንዘብ የተነካ እንደ ሆነ ግን ድርጅቱ መክሰሩ አይቀርም።

ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በአውቶሞቢል ሥራ መጀመሪያ ዘመን ገላው በቫርኒሽ ይቀባ ስለ ነበር ሥራው ተጠናቆ እስኪደርቅ ድረስ ሳምንታት ይወስድ ነበር። በ1923 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አገር ዱፖንት የተባለው ኩባንያ ያወጣው «ዱኮ» የሚባል ፈጥኖ የሚደርቅ የናይትሮሴሉሎስ ቀለም በጄኔራል ሞተርስ የኦክላንድ አውቶሞቢሎች ላይ ከዋለ ወዲህ ሥራው እጅግ ተፋጠነ። ነገር ግን እንደዚህ ያለው የቀድሞ ቀለም ክሊር አልነበረውም፤ ላዩ እየደበዘዘ ስለሚሄድ በየጊዜው በመወልወያ ቅባት መፈተግና ሰም መቀባት ያስፈልገው ነበር። ክሊር የተደረበበት ቀለም በዓለም ገበያ በሰፊው የተለመደው ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። እንግዲህ አውቶሞቢልን ደጋግሞ የመፈተግ ልማድ ለቀድሞው ቀለም ተስማሚ ቢሆንም ለዛሬው ግን ጎጂ ነው።

አንድ አውቶሞቢል ክሊር ያለው መሆኑን ለመለየት ነጭ ጨርቅ ላይ ጥቂት መወልወያ አድርጎ በማይታይ ስፍራ ቀስ ብሎ ማሸት ይበቃል። ጨርቁ የአውቶሞቢሉን ቀለም ከያዘ ክሊር የለውም ማለት ነው። በአገራችን ገና የሚሠሩ አሮጌ አውቶሞቢሎች ስላሉ ይህን መፈተን ያስፈልጋል።

2ኛ. እድፍን በየዐይነቱ ስለ መለየት

ሐኪም ሕመሙን ሳይለይ መድኃኒት እንደማያዝዝ ሁሉ፥ የሚያጥበውም ሰው እድፉን ሳይለይ ማጽጃ ማንሣት አይገባውም። በአውቶሞቢል ገላ ላይ የሚገኘው እድፍ በአራት ክፍል ሊመደብ ይችላል።

ሀ) አቧራና ጭቃ። ይህ በውኃና በሳሙና ይለቃል።

ለ) የቅባት ዘር የሆነ እድፍ። ሬንጅ፥ ግራሶ፥ የዛፍ ሙጫ፥ የማጣበቂያ ቅሪትና ሰም በዚህ ይመደባሉ። ውኃ እነዚህን አያሟሟቸውም።

ሐ) የማዕድን ዘር የሆነ እድፍ። ጨዋማና ጠንካራ ውኃ ደርቆ የሚተወው ነጭ ክብ ምልክት፥ ከፍሬን ሸራና ከባቡር ሐዲድ የሚነሣ የብረት ብናኝም በዚህ ይቈጠራል።

መ) ከሕያው ፍጥረት የሚመጣ እድፍ። የወፍ ኩስና በጉዞ ጊዜ በኮፋኖውና በፓራውልቱ ላይ የሚደቅቁ ነፍሳት ናቸው።

የሁሉም ደንብ አንድ ነው፤ እያንዳንዱ ነገር የሚሟሟው ጠባዩ በሚመስለው ነገር ነው። እጁ በግራሶ የተበከለ መካኒክ በባዶ ውኃ ቢታጠብ ግራሶው ይበልጥ ይሰራጫል እንጂ አይለቅም፤ በላምባ ቢያሸው ግን ወዲያው ይለቃል፤ ሁለቱም ከአንድ ዘር፥ ከድፍድፍ ዘይት የወጡ ናቸውና። በአንጻሩ ደግሞ የኖራ ጠባይ ያለውን ነጭ ምልክት በላምባ ቢያሹት ምንም አይሆንም፤ ኮምጣጤ ግን ያሟሟዋል። ሳሙና በሁለቱ መካከል የቆመ አስታራቂ ነው፤ አንደኛው ጫፉ ቅባትን፥ ሁለተኛው ጫፉ ውኃን ስለሚይዝ ቀለል ያለውን ቅባት ከውኃ ጋር አብሮ እንዲሄድ ያደርጋል።

3ኛ. ከሁሉ አስቀድሞ በሚገባ ማጠብ

አስቸጋሪው እድፍ ከመነካቱ በፊት ቀላሉ መወገድ አለበት። ሊስትሮ እንኳ ጫማ ላይ ቀለም ከመቀባቱ በፊት አቧራውን በብሩሽ ያራግፋል፤ ይታጠባልም። አቧራው ሳይነሣ ቢቀባ ጫማው እንደሚጨረማመት ያውቃልና።

በከተሞቻችን በየማለዳው የቆመን አውቶሞቢል በደረቅ ጨርቅ መጥረግ የተለመደ ነው። ይህ ልማድ መልካም መስሎ ቢታይም ጎጂ ነው። በአቧራ ውስጥ ያለው አሸዋ አብዛኛውን ጊዜ ኳርትዝ የተባለ ማዕድን ነው፤ ይህም የማዕድናት ጥንካሬ በሚለካበት በሞስ መለኪያ 7 ቊጥር የያዘ፥ ከተራ ብርጭቆም የሚጠነክር ነው። ደረቁ ጨርቅ አሸዋውን ይዞ በክሊሩ ላይ ሲመላለስ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። በፀሐይ ጊዜ በጥቁር አውቶሞቢል ላይ የሚታየው የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት ምክንያቱ ይኸው ነው።

ትክክለኛው አሠራር እንደሚከተለው ነው። አውቶሞቢሉ በጥላ ሥር ቆሞ ላሜራው እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል። በቅድሚያ ከጣሪያው ጀምሮ ወደ ታች ብዙ ውኃ ይፈስበታል፤ አቧራውና ጭቃው ሳይነካ በራሱ እንዲወርድ። ሁለት ባልዲ ይዘጋጃል፤ በአንደኛው የሳሙና ውኃ፥ በሁለተኛው ንጹሕ ውኃ ይሆናል። ስፖንጁ ወይም ጨርቁ ከአውቶሞቢሉ በተነሣ ቊጥር በንጹሑ ባልዲ ታጥቦ፥ ተጨምቆ፥ ከዚያ በኋላ በሳሙናው ይነከራል። የጎማው፥ የቸርኬውና የፓራፋንጎው ሥር ጭቃ የሚበዛበት ስለ ሆነ በሌላ ጨርቅ በመጨረሻ ይታጠባል። ከታጠበ በኋላ ሳይደርቅ በብዙ ውኃ ማለቅለቅ፥ ከዚያም ወዲያው በለስላሳ የማይክሮፋይበር ጨርቅ ማድረቅ ያስፈልጋል። ውኃ በግፊት የሚረጭ መሣሪያ ያለው ላቫጆ አፈሙዙን ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር አርቆ መያዝ ይገባዋል፤ ቀለሙ በተላጠበት አጠገብ ግን ከዚህም ይበልጥ ያርቀው።

ስለ ሳሙናውም አንድ ነገር እንጨምር። የልብስ ሳሙናና የልብስ ዱቄት ሳሙና የአልካሊ ጠባይ ስላላቸው በላዩ ያለውን መከላከያ ሰም ያነሣሉ። ከዚህም በላይ እንደ ድሬዳዋ ያለ ጠንካራ ውኃ በሚገኝበት ከተማ ተራ ሳሙና ከውኃው ካልሲየም ጋር ተዋሕዶ ነጭ ዝቃጭ ይተዋል። ለአውቶሞቢል የተዘጋጀ ሻምፖ ግን እንደዚህ አያደርግም። ለዚህ ሥራ የሚውለው መጠን በአንድ ባልዲ ጥቂት ብቻ ስለ ሆነ ወጪው ከባድ አይደለም።

4ኛ. ሬንጅ፥ ሙጫና የማጣበቂያ ቅሪት

አዲስ አስፋልት በተነጠፈበት መንገድ ያለፈ አውቶሞቢል በበሮቹ ሥርና ከጎማዎቹ ኋላ ጥቁር ነጠብጣብ ይዞ ይመለሳል። ይህን በጥፍር ወይም በምላጭ መፋቅ አይገባም። በመጀመሪያ ስፍራው ይታጠባል፤ ይደርቃል። ከዚያም ለሬንጅ ማስለቀቂያ ተብሎ የተዘጋጀ ፈሳሽ፥ እርሱ ባይገኝ የተጣራ ንጹሕ ላምባ፥ በትንሽ ጨርቅ ላይ ተደርጎ በነጠብጣቡ ላይ ይጫናል። ለአንድ ወይም ለሁለት ደቂቃ ያህል ሳይፈተግ ይቆያል። በዚህ ጊዜ ሬንጁ ቡናማ ሆኖ መሟሟት ይጀምራል፤ በንጹሕ ጨርቅም ያለ ጉልበት ይነሣል። ግትር የሆነው ቢቀር ሥራው ይደገማል እንጂ እጅ አይከብድም። ቀስ በቀስ እንቊላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለው፥ በዚህ ሥራ ትዕግሥት ከጉልበት ይበልጣል።

ከዚህ በኋላ ስፍራው ወዲያውኑ በሳሙና ውኃ መታጠብ አለበት፤ ላምባ ስስ የቅባት ሽፋን ይተዋልና፤ ይህም ሽፋን አቧራ ይስባል። ፈሳሹ ሬንጁን ብቻ ሳይሆን በዚያ የነበረውንም ሰም ስለሚያነሣ እንደ ገና ሰም መቀባት ያስፈልጋል። ሬንጁ አዲስ ከሆነ የምግብ ዘይት እንኳ ዘግየት ብሎ ያለሰልሰዋል።

የዛፍ ሙጫ በሞቀ ውኃ የራሰ ጨርቅ ተጭኖበት ከለሰለሰ በኋላ በአይሶፕሮፒል አልኮል ይለቃል። የማጣበቂያና የተለጣፊ ወረቀት ቅሪትም በሙቅ ውኃ ከለሰለሰ በኋላ በሬንጅ ማስለቀቂያው ይነሣል።

በማናቸውም ጊዜ ሦስት ነገሮች ይጠበቁ። አንደኛ፥ ፈሳሹ በማይታይ ስፍራ ሳይፈተን በግልጽ ስፍራ አይፈስስ። ሁለተኛ፥ ቲነርና አሴቶን በቀለም ላይ አይዋሉ፤ እነዚህ የተሠሩት ቀለምን ራሱን ለማሟሟት ነው፤ በተለይም ከግጭት በኋላ በስቱኮ ተሞልቶ እንደ ገና የተቀባ ስፍራ ፈጥኖ ይጎዳባቸዋል። ሦስተኛ፥ የዛሬ አውቶሞቢሎች የፊት መብራት መሸፈኛ ፖሊካርቦኔት ከተባለ ፕላስቲክ እንጂ ከብርጭቆ የተሠራ ስላልሆነ ቤንዚንና ቲነር ያሰነጣጥቁታል፤ ያጨልሙታልም።

5ኛ. የወፍ ኩስ፥ የውኃ ምልክትና የብረት ብናኝ

የወፍ ኩስ መቆየት የሌለበት እድፍ ነው። በውስጡ ዩሪክ አሲድ አለበት፤ ከዚህም ሌላ ክሊሩ በፀሐይ ሙቀት ለስልሶ ሲሰፋና በምሽት ሲቀዘቅዝ፥ የደረቀውን ኩስ ቅርጽ ይይዛል። ከዚያ በኋላ ኩሱ ቢታጠብ እንኳ ምልክቱ ይቀራል። ስለዚህ ውኃ የጠጣ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ ጭኖ ካለሰለሱ በኋላ ወደ ላይ ማንሣት እንጂ በደረቁ መፋቅ አይገባም። የደቀቁ ነፍሳትም በዚሁ ዐይነት ይነሣሉ።

የጠንካራ ውኃ ነጭ ምልክት ነጭ ኮምጣጤ በእኩል ውኃ ተቀላቅሎ በጨርቅ ሲነካ ይሟሟል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ በሳሙና ውኃ መታጠብ አለበት።

በነጭ አውቶሞቢል ላይ እንደ በርበሬ ቅንጣት የሚታዩ ቀያይ ነጥቦች አብዛኛውን ጊዜ የዛገ የብረት ብናኝ ናቸው። ለእነዚህ የሚሸጥ ልዩ ፈሳሽ አለ፤ ብረቱን ሲያገኝ ወደ ሐምራዊ ቀለም ይለወጣልና ሥራውን በዐይን መከታተል ይቻላል። ፈሳሹ በላሜራው ላይ ሳይደርቅ በብዙ ውኃ ይለቅለቅ። ይህም ያላነሣውን ጃፓኖች ባስለመዱት ለስላሳ የማጽጃ ጭቃ ማንሣት ይቻላል። ጭቃው በሳሙና ውኃ በራሰ ገላ ላይ ያለ ክብደት ይንሸራተታል፤ በላይ የተቸነከረውን ቅንጣትም ይዞ ይነሣል። መሬት የወደቀ ጭቃ አሸዋ ስለሚይዝ መጣል እንጂ እንደ ገና መጠቀም አይገባም።

6ኛ. ሰምና የሰም ቅሪት

ሰም የአውቶሞቢል ወዳጅ ነው፤ በትክክል ያልተቀባ እንደ ሆነ ግን ራሱ እድፍ ይሆናል። ሰሞች በሚቀልጡበት ሙቀት ይለያያሉ። የንብ ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። ከድፍድፍ ዘይት የሚወጣው ፓራፊን እንደ ዐይነቱ ከ46 እስከ 68 ዲግሪ ባለው መካከል ይቀልጣል። በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ከሚበቅል ዘንባባ ቅጠል የሚገኘው ካርናውባ ግን ከ82 ዲግሪ በላይ ካልደረሰ አይቀልጥም። የአውቶሞቢል ሰም ሠሪዎች ካርናውባን የሚመርጡት ስለዚህ ጥንካሬው ነው፤ ብቻውን ግን እጅግ ደረቅ ስለ ሆነ ከሌላ ሰምና ከማለስለሻ ፈሳሽ ጋር ያዋሕዱታል።

የሰም ቅሪት በሦስት መልክ ይገኛል።

የመጀመሪያው የመርከብ ጉዞ ሰም ነው። አዲስ አውቶሞቢል በባሕር በሚጓዝበት ጊዜ ከጨዋማው አየር እንዲጠበቅ ፋብሪካው ገላውን በወፍራም ሰም መቀባቱ የቈየ ልማድ ነው። ይህ ሰም እንደ ጅቡቲ ባለ ሞቃት ወደብ ለስልሶ አቧራ ይይዛል፤ በመንገድም ሌላ ይጨምርበታል። የሚነሣውም በሙቅ ውኃና ለዚሁ በተዘጋጀ የላምባ ዘር ማስለቀቂያ ነው፤ አቧራው ከሰሙ ጋር ተቦክቶ ስለሚገኝ በደረቅ ጨርቅ ቢፈተግ በአሸዋ እንደ መፈተግ ይቈጠራል። ዛሬ ብዙ ፋብሪካዎች በሰሙ ፈንታ የሚለጠፍ ስስ ፕላስቲክ ይጠቀማሉ። ይህም ቢሆን ሠሪው ከወሰነው ጊዜ በላይ በፀሐይ የቈየ እንደ ሆነ ማጣበቂያው በቀለሙ ላይ ይቀራል። ስለዚህ አውቶሞቢሉ በሞጆ ደረቅ ወደብም ሆነ በሌላ ስፍራ ለረጅም ጊዜ የሚቆም ከሆነ ፕላስቲኩ የሚነሣበትን ቀን አስመጪው በመዝገቡ ይያዝ። ሲነሣም ላሜራው ሳይግል፥ ሳይቀዘቅዝም፥ ወደ ኋላ ታጥፎ በዝግታ ይሳብ።

ሁለተኛው በጥቁር ፕላስቲክ ጠርዝ፥ በጎማ ማሰሪያና በፊደላት መካከል የሚቀር ነጭ ዱቄት ነው። ይህ የሚመጣው በሰሙና በመወልወያው ውስጥ ያለው ደቃቅ ዱቄት በፕላስቲኩ ሻካራ ገጽ ውስጥ ስለሚገባ ነው። በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ፥ በሞቀ የሳሙና ውኃ፥ የማይለቅ ከሆነም በጥቂት አይሶፕሮፒል አልኮል በውኃ በርዞ ማንሣት ይቻላል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሰም ከመቀባቱ በፊት ፕላስቲኩን ቀለም ቀቢዎች በሚጠቀሙበት የወረቀት ፕላስተር መሸፈን ነው።

ሦስተኛው በራሱ በቀለሙ ላይ የሚታይ ደመና የመሰለ ምልክት ነው። ይህም ሰሙ በዝቶ በመቀባቱ፥ በፀሐይ ላይ በመቀባቱ፥ ወይም ከመጠን በላይ ደርቆ በመጠረጉ ይመጣል። መድኃኒቱ እንግዳ ቢመስልም ያው ሰም ነው፤ አዲስ ሰም በስሱ ተቀብቶ ወዲያው ሲጠረግ፥ በውስጡ ያለው ማለስለሻ የደረቀውን አለስልሶ ይዞት ይነሣል። በፊት መስተዋት ላይ የቀረ ሰም ግን ዝናብ በሚመጣበት ጊዜ መጥረጊያው እንዲንቀጠቀጥና ሹፌሩ እንዳያይ ስለሚያደርግ በአልኮል ሳይዘገይ መነሣት ይገባዋል፤ ይህ የውበት ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው።

እነዚህ ሁሉ ተደርገው ምልክቱ ያልጠፋ እንደ ሆነ ብቻ መወልወያ ቅባት ይነሣል፤ እርሱም ከደቃቁ ተጀምሮ ነው። መወልወያ የሚሠራው ክሊሩን ጥቂት በጥቂት በመፋቅ መሆኑ አይዘንጋ። ቀለሙ ሳይጎዳ ለሽያጭ እንዲያምር ብቻ እየተባለ በየወሩ የሚፈተግ አውቶሞቢል፥ ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንደሚባለው ነው።

7ኛ. ስለ ቤንዚን አደጋ

ቤንዚን በየሰፈሩ እንደ ማጽጃ ሲያገለግል ይታያል። ቀለሙን ማደብዘዙ ሳያንስ ለሰው ሕይወት አስጊ ነው። ላምባ ለመቀጣጠል የሚበቃ ተን የሚሰጠው 38 ዲግሪ ያህልና ከዚያ በላይ ሲሞቅ ነው፤ ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ ባለ ብርድ እንኳ ይህን ተን ይሰጣል። ይህም ማለት በማናቸውም የአገራችን አየር ለመቀጣጠል ዝግጁ ነው። ተኑ ከአየር የከበደ ስለ ሆነ በመሬት ላይ እየተሳበ ይሄዳል፤ ራቅ ብሎ ከተቀመጠ የቡና ከሰል፥ ከሲጋራ ወይም ከኤሌክትሪክ ብልጭታ ሲደርስ ይነሣል፤ እሳቱም ወደ ሠራተኛው ይመለሳል። ስለዚህ የላቫጆ ባለቤት ቤንዚን ለማጽጃ እንዳይውል ይከልክል፤ በላምባና በሌላ ማስለቀቂያ የራሱ ጨርቆችም ክዳን ባለው የብረት ዕቃ እንዲጣሉ ያድርግ።

ባለሱቆችንም የሚመለከት ከባድ ነገር አለ። ላምባና ማስለቀቂያ በባዶ የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ እየተቀዳ ይሸጣል። ሕፃን ልጅ ጠርሙሱን አይቶ ውኃ መስሎት ቢጠጣ ፈሳሹ ወደ ሳንባው ገብቶ ሊገድለው ይችላል። እንዲህ ያለ አደጋ ቢደርስ ልጁን ማስመለስ አይገባም፤ ሲያስመልስ ፈሳሹ ዳግመኛ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላልና፤ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል። ጥንቁቅ ነጋዴ በውኃ ጠርሙስ ቀድቶ አይሸጥም፤ በሚሸጠውም ዕቃ ላይ ምን እንደ ሆነና እንደሚያቃጥል በአማርኛ ጽፎ ይለጥፋል፤ ከምግብ ሸቀጥም ለይቶ ያስቀምጣል።

8ኛ. ለነጋዴዎች የሚሆን ምክር

አስመጪው አውቶሞቢል በሚረከብበት ጊዜ ከመታጠቡ በፊት ገላውን በብርሃን ይመርምር፤ ያገኘውንም ጭረትና እድፍ አስረካቢው ባለበት በጽሑፍና በፎቶግራፍ ይያዝ። ከታጠበ በኋላ የተገኘ ጭረት በመርከብ፥ በጭነት መኪና ወይም በላቫጆ የደረሰ መሆኑን ማስረዳት አስቸጋሪ ነው፤ ያልተጻፈ ጉዳትም ለኢንሹራንስ ጥያቄ ክርክር ያስነሣል። ለሠራተኛውም ምን በምን እንደሚያጸዳ በግልጽ ይዘዝ።

በ2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች በመንገዶቻችን በርክተዋል። ቀለማቸው ከሌላው የማይለይ ስለ ሆነ ከላይ የተነገረው ሁሉ ለእነርሱም ይሠራል። ሆኖም የኤሌክትሪክ መሙያው በር ተዘግቶ ይታጠብ፤ ግፊት ያለው ውኃ በቀጥታ አይረጭበት፤ በፓራውልቱ ላይ ያሉት ካሜራዎችም በማሟሟያ ፈሳሽ አይነኩ።

የማጽጃ ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ ከሻጩ ዘንድ የደኅንነት መረጃ ወረቀት ይጠይቅ፤ ፈሳሹ በስንት ዲግሪ እንደሚቀጣጠልና ለየትኛው ገጽ እንደማይስማማ በዚያ ይገኛል። ባለሱቁም ደንበኛው «የሚያጸዳ ስጠኝ» ባለው ጊዜ «እድፉ ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቀው ሽያጩን አያጣም፤ ይልቁንም ደንበኛው ተመልሶ የሚመጣበትን ምክንያት ይሰጠዋል።

ላኪዎቻችንንም የሚነካ ነገር አለ። አገራችን ከአፍሪካ ዋና ዋና የንብ ሰም አምራቾች አንዷ ናት። የንብ ሰም ለመወልወያና ለማለስለሻ ሥራም ስለሚፈለግ ገዢው የሚመረምረው ንጽሕናውን ነው። ፓራፊን ወይም ሞራ የተቀላቀለበት ሰም የሚቀልጥበት ሙቀትና ሌላው ጠባዩ ስለሚለወጥ በላቦራቶሪ ይታወቃል፤ ያን ጊዜ የሚጎዳው ያቀላቀለው ሰው ብቻ ሳይሆን የላኪው ስም ነው።

በጠቅላላው የሥራው ቅደም ተከተል ይህ ነው፤ መጀመሪያ ውኃ፥ ቀጥሎ ሳሙና፥ ከዚያ ለእድፉ ዐይነት የሚስማማው ማስለቀቂያ፥ ከዚያ የማጽጃ ጭቃ፥ በመጨረሻም ግድ ከሆነ መወልወያ፤ ሁሉም ካለቀ በኋላ ስስ ሰም። ይህን ቅደም ተከተል በሥራ ቤቱ ግድግዳ ላይ ጽፎ የሚሰቅል ባለንብረት ለሠራተኞቹ መመሪያ፥ ለደንበኞቹም ዋስትና ይሆናቸዋል።